በቤት የተለወጠች መኪና

አምባ ጊዮርጊስ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ማንያዘዋል፤
አዘዞ።

እንደምን ሰነበቱ? እትዬ ሄለንና ልጆቹስ? የክርስቲያን ወግ ነውና ጠየቅሁ። እርስዎ ግን «እናንተስ?» ለማለት አይቸገሩ፤ ደህና አይደለንም።

ስልኬን ስለማያነሡ ይህን ወረቀት ለሚኒባስ ሹፌሩ ለአዳነ ሰጥቼዋለሁ። በእሱው በኩል «ምነው በሽማግሌ ፊት ስሜን ታጠፋዋለች?» ብለው እንደላኩ ሰምቻለሁ። መልሱ ይኸው።

ማክሰኞ ዕለት ክንዱ የኩላሊት እጥበቱን ጨርሶ ከጎንደር ስንመለስ መኪናዋ ኮሶዬ ዳገት ላይ ቆመች። ድንገት አይደለም የቆመችው፤ አስቀድማ ነግራኛለች። የሙቀቷ መርፌ ወደ ቀዩ ወጣች። ከዚያ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተነሣና መንገዱን ጋረደብኝ። ዳር ይዤ አጠፋኋት፣ ቀዘቀዘች ብዬ ብሞክራት አልነሣም አለች። ወንድምዎ ከእጥበት ሲወጣ ምን እንደሚሆን አይተውት አያውቁምና ልንገርዎ። የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ብርድ የሚባል ነገር አይችልም። በዚያ ላይ ጭጋጉ ወረደ። በጋቢ ጠቅልዬ የኋላ ወንበር ላይ አስተኛሁትና መሐል መንገድ ቆሜ እጄን ሳወዛውዝ ዋልሁ። ድንች ሊጭን ወደ ደባርቅ የሚወጣ አይሱዙ ባያዝንልን ኖሮ እዚያው ይመሽብን ነበር።

ዓርብ ዕለት ደግሞ መኪና የለንም፣ አውቶቡሱም ሞልቶ አለፈን፤ እጥበቱ ቀረ። ዛሬ ፊቱ አብጦ ዓይኑ ተሸፍኗል።

«የሐኪም መኪና ነበረች። ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤተ ክርስቲያን፤ ከዚያ ሌላ መንገድ አታውቅም» ብለው ሊብሬዋን በእጁ ያስያዙት እርስዎ ነዎት። ክንዱም ቃልዎን አምኖ አሁን እርስዎ ከሚኖሩበት ከአዘዞው የአባታችሁ ቤት ድርሻውን፣ የተወለደበትን ሁለቱን የጓሮ ክፍል፣ በእርሷ ለውጦ ፈረመ። በሳምንት ሁለት ቀን ጎንደር የሚያወርደው ነገር ስለጨነቀው እንጂ መኪና አምሮት አልነበረም። እኔም በዚህ ዕድሜዬ መንዳት የተማርሁት ለባሌ ስል ነው።

የምጠይቀው አጭር ነው። ወይ መኪናዋን ወስደው ድርሻውን ይመልሱለት፣ ወይ ዳገት የምትወጣ መኪና ይስጡት።

እግዜር ለሁላችንም እንደየሥራችን ይክፈለን።

ዓይናዲስ

*

አዘዞ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህርት ዓይናዲስ፤

ሰላምታሽ ከነእሾሁ ደረሰኝ።

«ምነው ስልክ አያነሣም?» ትያለሽ አሉ። ባለፈው ያልሁትን ሁሉ በስልክሽ ቀድተሽ ለመሪጌታ ሐብተ ማርያም አሰማሽው። የቤተሰባችን ሽማግሌ ፊት እንደ ሌባ አስቆምሽኝ። ከእንግዲህ የምለው ካለኝ በወረቀት እላለሁ፤ ወረቀት ሲቆጡ ድምፁ አይሰማም።

መኪናዋ አሮጌ ናት። አሮጌ መሆኗንም ለክንዱ ነግሬዋለሁ። ያገለገለ መኪና የያዘ ሰው ዓመት ሳይሞላው የፍሬን ሸራ ይቀይራል፣ ባትሪ ይቀይራል፣ ጎማ ይቀይራል፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሳይበጠስበት ያስቀይራል፣ ዘይቷን ጊዜውን ጠብቆ ያስለውጣል። ይህ ለመኪና ቀለብ ነው። በቅሎ ገዝቶ ገብስ አልገዛም የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

እስቲ እኔ ልጠይቅሽ። ጧት ከመነሣትሽ በፊት ኮፈኑን ከፍተሽ ውኃዋን አይተሻል? መርፌዋ ገና ስትነሣ ቆመሻል ወይስ «ትንሽ ልግፋ» ብለሻል? የመንጃ ፈቃድሽ ቀለም ሳይደርቅ ኮሶዬን በሦስተኛ ማርሽ እያስጨነቅሽ ትወጫለሽ፣ ስትቃጠል ማንያዘዋል ሌባ ነው ትያለሽ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ።

ደግሞ ባልሽ ያን ያህል ከጨነቀሽ ጎንደር ቤት ተከራይተሽ አስቀምጪው። ግን አታደርጊውም፤ የአምባ ጊዮርጊስ የመምህርነት ወንበርሽ ይቀርብሻል። ወንድሜ አንቺን ሳያገባ ጤነኛ ሰው እንደነበር አገር ያውቃል። ከዚህ በላይ አልልም።

ይሁን እንጂ ክፉ ሰው አይደለሁም። አዘዞ መግቢያ ላይ ካሣዬ የሚባል መካኒክ አለ። ጋራዡ ያስጎትቻት፣ የማንያዘዋል ዘመድ ነኝ በይው፣ ዋጋውን ይቀንስልሻል። ድርሻ የምትይው ነገር ግን ተፈርሟል፣ ምስክር ቆሞበታል፣ አልቋል። ሁለተኛ እንዳታነሽብኝ።

ለክንዱ ምሕረቱን ይላክለት።

ማንያዘዋል

*

አምባ ጊዮርጊስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ማንያዘዋል፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ቢገባዎትም ባይገባዎትም።

«ካሣዬ ምን አላት?» እያሉ አዳነን በተመላለሰ ቁጥር መጠየቅዎ ገርሞኝ ነበር። አሁን አይገርመኝም።

በላኩኝ መሠረት መኪናዋን አስጎትቼ ሄድሁ። ክንዱም እጥበት የሚገባበት ቀን ስለነበር አብሮኝ ነበር፤ ከመኪናዋ ሳይወርድ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። የእርስዎ ዘመድ ነኝ አላልሁም። ስምዎን ጠርቶ ዋጋ ማስቀነስ ከመለመን ባሰብኝ።

ካሣዬ ኮፈኑን ከፈተና ሳቀ።

«ኧረ ይቺን ማኪና አውቃታለሁ! እስካሁን አለች እንዴ?»

«ከየት ያውቋታል?» አልሁት።

«ግንቦት ላይ አንድ ማኪና ነጋዴ አስጎትቶ አመጣልኝ። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታው፣ በሙቀት ተጣሞ ውኃውና ዘይቱ ተቀላቅሎ ነበር። ይለወጥ አልሁት። ‹አልለውጥም፤ ለስድስት ወር የምትበቃ አርግልኝ፣ ከዚያ በኋላ የገዢዋ ጣጣ ነው› አለኝ። ምን ላርግ፤ ያንኑ የተጣመውን ፊቱን አስላጭቼ ከሥሩ አዲስ ማሸጊያ ከተትሁለት። የሚያፈስሰውንም ራዲያተር በማሸጊያ ዱቄት ደፈንሁት። ስድስት ወር ብያለሁ፣ ይኸው አልዋሸሁም።»

ከዚያ ቀና ሲል በመስተዋቱ ውስጥ ክንዱን አየው። የእናንተን የቤተሰብ መልክ ያውቁታል፤ ግንባሩን ያየ ሰው አይስትም። ካሣዬ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «እታለም፣ ሰውየው የማንያዘዋል ወንድም ነው እንዴ?» አለኝ። ነው አልሁት። ተመልሶ ኮፈኑ ውስጥ ጎነበሰ።

አሁን ደግሞ ስለ «ቀለቡ» ልንገርዎ። ቴስታው ይለወጥ፣ ራዲያተሩ ይለወጥ፣ የውኃ ፓምፑ ይለወጥ ነው የሚባለው። የፊት ፍሬኑም ሸራው አልቆ ብረት ለብረት እየተፋጨ ነበር። ያቺን መኪና ይዤ ነው ያን ሁሉ ቁልቁለት ስወርድ የኖርሁት። ፍሬኑን አሠርቻለሁ፣ ያገለገለ ራዲያተርም ተገጥሞላታል። የሞተሩን ግን የመምህር ደመወዝ አይችለውም፤ የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ይበላል። ካሣዬ «በሜዳ ቀስ ብለሽ ንጂያት፣ ዳገት አታሳያት» አለኝ። እኔ የምኖረው የት ነው? ከጎንደር ወዲህ ዳገት ያልሆነ መንገድ የት አለ?

ስንመለስ እየቆምሁ፣ እያቀዘቀዝሁ፣ ውኃ እየጨመርሁ አመሻሽ ላይ ገባን። ኮሶዬን ስናልፍ ክንዱ እንዲህ አለኝ፤

«ስድስት ወር ያለው ለማኪናዋ ነው ለእኔ?»

እርስዎ መልስ ካለዎት ይላኩለት።

መኪናዋ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች። «ባልሽን ጎንደር አስቀምጪው» ላሉኝም፣ የእርሱ ቤት ጎንደር ነበር፤ ማን እንደወሰደው ያውቃሉ። አሁን በአውቶቡስ ነው የምናመላልሰው። ቦታ ሲጠፋ ወለሉ ላይ ጋቢ አንጥፌ አስተኛዋለሁ። መንገድ ሲዘጋ ይቀራል።

ዓይናዲስ

*

አዘዞ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይናዲስ፤

«ስድስት ወር ብለሃል ወይስ አላልህም?» ብለሽ በመሪጌታ አስጠየቅሽኝ። መሪጌታም በአደባባይ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቁኝ። ደስ ይበልሽ።

ካሣዬ አፉ እንደ ጋራዡ በር ነው፤ ሲከፈት እንጂ ሲዘጋ አይቼው አላውቅም። ነጋዴ ነኝ፣ ነጋዴ የሚለውን እላለሁ። ያን በተናገርሁ ጊዜ መኪናዋ ለማን እንደምትሆን አላውቅም ነበር። ክንዱ የታመመው ከዚያ በኋላ ነው። የለውጡንም ሐሳብ ያመጣው እሱ ራሱ ነው እንጂ እኔ በግድ አላስፈረምሁትም። ይህን ጻፍሁልሽ፤ ከዚህ በላይ ለማንም ማብራሪያ አልሰጥም።

አሁን ጆሮሽን ስጪኝና ለአንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው እንነጋገር። ገዢ አለኝ። ቁስቋም ሰፈር ዳቦ እየጋገረች ለሱቆች የምታከፋፍል አመተ ሥላሴ የምትባል ሴት ናት። ትንሽ መኪና ትፈልጋለች፣ ቀብድም ሰጥታኛለች። መኪናዋን ወደ እኔ አውርጂያት። ካሣዬ እንደገና ያስተካክላታል፣ ቀለም እናስነካታለን፣ የምታወጣውን ብር ሳልቆርጥ ለአንቺ እሰጥሻለሁ። ቤት ትከራዪበታለሽ፣ ክንዱ ከሐኪሙ አጠገብ ይሆናል፣ ያልሽው ሁሉ ይሆንልሻል።

ሁለት ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ክንዱ በመሪጌታ ፊት «በአባቴ ቤት ላይ ምንም የለኝም፣ ወደፊትም አልጠይቅም» ብሎ ይፈርም። አንቺ ደግሞ ስለ መኪናዋ ለሴትዮዋ አንዲት ቃል አትተንፍሺ።

ይህን ደብዳቤ ለክንዱ አታሳዪው። ነገር ሲበዛበት ያመዋል።

ማንያዘዋል

*

አምባ ጊዮርጊስ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ማንያዘዋል፤

አሳየሁት።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ብሩን ልወስድ ነበር። ሌሊቱን ሳሰላው አደርሁ። ሁለት ክፍል ቀበሌ አሥራ ስምንት፣ ከሆስፒታሉ የእግር መንገድ፣ ያ ሁሉ ኮሶዬ ቀርቶ። ሴትዮዋን አላውቃት፣ አታውቀኝ። ጧት ደብዳቤውን አምጥቼ ክንዱ ጭን ላይ አስቀመጥሁና «አንተ ፍረድ» አልሁት።

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ «ዳቦ ጋጋሪዋ ልጆች አሏት?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ!»

«ጠይቂያታ።»

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ቁስቋም ወረድሁ። ለማግኘት አልቸገረኝም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የዳቦውን ሽታ ተከትዬ ሄድሁ። ክንዷ ድረስ ዱቄት ነው። ስለ መኪና ጉዳይ ነው የመጣሁት ብላት ፊቷ በራ።

«አንቺ ነሽ የምትሸጫት? ማንያዘዋል ነግሮኛል፤ የሐኪም ማኪና ነበረች አሉ፤ ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤተ ክርስቲያን!»

ቃሉን እንኳ አልቀየሩትም፣ አያ ማንያዘዋል።

«ምን ልታረጊባት ነው?» አልኋት።

«ንጋት ላይ ዳቦውን አደርሳለሁ፣ መልስ ላይ ሦስቱን ልጆቼን ትምህርት ቤት እጥላለሁ። እስካሁን በባጃጅ ነው፤ ያገኘሁትን ሁሉ ባጃጅ በላው። ምነው? ችግር አላት እንዴ?»

ሁሉንም ነገርኋት። ግንቦትን፣ የተጣመውን ቴስታ፣ የተደፈነውን ራዲያተር፣ ብረት ለብረት የሚፋጨውን ፍሬን። ነገሬን ሳልጨርስ ነጠላዋን አነሣች። «ምጣዱን እዩልኝ!» ብላ ለጎረቤት ጮኸችና ከነዱቄቷ ወደ አዘዞ ወረደች። ቀብዷን ምን ብላ እንደተቀበለችዎ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ማታ ተመልሼ ለክንዱ ነገርሁት። ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም። ከሳቁም በኋላ «አሁንስ አንቱታው ይብቃሽ» አለኝ።

እንግዲህ ስማ፣ ማንያዘዋል። እስከዚህ መስመር ድረስ አንቱ ያልሁህ የባሌ ታላቅ ስለሆንህ ነበር። ታላቅነት በዕድሜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ የኮሶዬ ድንጋይም ይበልጥሃል። ለውጡ ፈርሷል። የሰጠኸው መኪና አይደለም፣ የምትጮህ ብረት ነው። በብረቱ ፋንታ የወሰድኸው ግን የእውነት ቤት ነው፤ ጣሪያ አለው፣ በር አለው፣ ሆስፒታሉም በባጃጅ ይደረሳል። ክንዱ ከገና በፊት ወደ ተወለደበት ክፍል ይገባል። ጎማ አጭቀህበታል አሉ፤ አውጣው።

ዓይናዲስ

*

አዘዞ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

«አንተ» አልሽኝ። ደግ። እኔም ስምሽን አልጠራም።

«ጎማውን አወጣህ ወይ?» ለሚለው፣ አላወጣሁም። የጓሮ ክፍሎቹን በትልቅ ቁልፍ ቆልፌ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ ለመኪና ግዢ ወደ ባሕር ዳር ልሄድ ነው። ከበዓል በፊት አልመለስም። ያን ቁልፍ የነካ ሰው ከፖሊስ ጋር ይነጋገር።

ያቺ ዳቦ ጋጋሪ በደንበኞቼ ፊት አንገቴን ይዛ ቀብዷን አስተፋችኝ። እሱ ብቻ አይደለም። በማግስቱ ሁለት ገዢዎች ቀሩ፤ አንዱ «ኮፈኑን የካሣዬ ባላንጣ የሆነ መካኒክ ይክፈትልኝ» አለኝ። ቁስቋም ሁሉ ጧት ጧት ከዳቦው ጋር ስሜን ይበላል። ይህን ነው ያደረግሽው። እኔስ ምን በልቼ የምኖር ይመስልሻል? ያገለገለ መኪና ሁሉ በሽታ አለበት። አንዱ ዘይት ይጠጣል፣ አንዱ ማርሹ ይዘላል፣ አንዱ ተገልብጦ ተቃንቷል። ያለበትን ሁሉ እየተናገርሁ ብሸጥ ማን ይገዛኛል?

ስለ ቤቱም ትንፍሽ ከማለትሽ በፊት ይህን እወቂ። አባታችን ሲሞት ጣሪያው ያፈስስ ነበር፤ ቆርቆሮውን የለወጥሁት እኔ ነኝ። የቦታ ግብሩን ስከፍል የኖርሁ እኔ ነኝ። እናታችን አልጋ ላይ ስትውል አገላብጬ ያስታመምኋት እኔና ሄለን ነን። ክንዱ ያኔ ተማሪ ነበር፣ ቀጥሎ ደግሞ ሙሽራ ሆነ፤ በዓል በዓል ብቅ ይላል፣ ያለቅሳል፣ ይሄዳል። ድርሻ ሲባል ይህ ሁሉ አይቆጠርም? ስለዚህ ነው «እኩል ነው» ስትሉኝ ደሜ የሚፈላው።

ፊቱ ያብጣል የሚሉት እውነት ነው? ለዚህች ብቻ በአዳነ መልስ ላኪ። ለሌላው መልስሽን አልፈልግም።

ማንያዘዋል

*

አዘዞ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማንያዘዋል፤
ባሕር ዳር።

አድራሻዬን ከላይ አይተኸዋል። ከጓሮው ክፍል ነው የምጽፍልህ።

ሄለን ላይ በስልክ «ማን ከፈተላቸው?» እያልህ ስትጮህ ግድግዳው ስስ ነውና ሰምቼሃለሁ። እሷ መልሳ ሳትነግርህ ስልኩን ስለዘጋችው እኔ ልንገርህ።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ ዕለት መኪናዋን ባዶውን በሚወርድ አይሱዙ ላይ ጫንናት። ክንዱ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ፣ እኔ ከዕቃው ጋር ኋላ። አዘዞ ስንደርስ ሰዎቹ መኪናዋን አውርደው በግቢህ በር ላይ አጋደሟት። ከውስጥ የሚወጣ፣ ከውጭ የሚገባ የለም። አንድ ገዢ ለሙከራ ያወጣትን መኪና ይዞ ሊገባ ሲል መንገድ አጥቶ ጥሩምባውን ሲያስጮኽ ሰፈሩ ወጣ።

ሄለን ነጠላዋን እያጣፋች መጣች። «ምነው ዓይናዲስ፣ በሬን ዘጋሽብኝ እኮ!» አለች።

«የጓሮውን ቁልፍ ስጪኝና እከፍትልሻለሁ» አልኋት።

«ይዞት ሄዷል። እኔ ምን ላርግሽ? የወንዶቹ ነገር ነው።»

ያኔ ክንዱ ከአይሱዙው ወረደ። ለመውረድ ሁለት ሰው ደገፈው። ሄለን ከታመመ ወዲህ አይታው አታውቅም፤ አንተ «ደህና ነው፣ ሚስቱ ናት የምታጋንነው» ስትላት ኖረሃል። መጀመሪያ አላወቀችውም። «ሄለን፣ እኔ ነኝ» ሲላት አፏን በእጇ ያዘች። ወደ ውስጥ ገባችና መጥረቢያ ይዛ ወጣች። ሰው ሁሉ ሸሸ፤ እኔም ወደ ኋላ አልሁ። አልፋን ሄዳ የዚያን ትልቅ ቁልፍህን ማንጠልጠያ በመጥረቢያው ጀርባ ደጋግማ መታችው። ሲሰበር ዞር ብላ «ጎማዎቹን የሚያወጣ ሰው የለም?» አለች። ጎረምሶቹ ተረባርበው አወጡት።

ፖሊስ ልትጠራ ከሆነ እንግዲህ ሚስትህን አሲዝ። «የሰበረችው ሄለን ናት በዪው» ብላኛለች።

በማግስቱ መሪጌታና ሁለቱ የለውጡ ምስክሮች መጡ። ካሣዬም ተጠርቶ መስቀል ጨብጦ ያለውን አለ። «የታወቀ ሕመም ተደብቆ የተደረገ ለውጥ ለውጥ አይባልም» ብለው ክፍሎቹን ለክንዱ መለሱ። የጣሪያውንና የእናትህን ነገር እኔ ራሴ ከደብዳቤህ አነበብሁላቸው። አልሸሸግሁብህም። «ይህ እውነት ነው፣ እሱ ሲመጣ ለብቻው ይታያል» አሉ። ካልተስማማህ ፍርድ ቤቱ ክፍት ነው።

መኪናዋን ካሣዬ በመለዋወጫ ዋጋ ገዝቶናል። በሮቿን ለአንዱ፣ ወንበሯን ለአንዱ ይሸጣል። ሞተሯ ለቁርጥራጭ ብረት ሄደ። ሰው ጭና ሁለተኛ መንገድ ላይ አትወጣም፤ ክንዱ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ይኸው ብቻ ነበር። የአንተ ናት የምትል ከሆነ ብሯን መሪጌታ ዘንድ አስቀምጠናልና ውሰዳት።

ፊቱን ጠይቀህ ነበር። ያብጥ ነበር። ይኸው ሁለት ሳምንት ሊሞላ ነው ያለማቋረጥ በባጃጅ እየሄደ ሲታጠብ፤ ዓይኑ ተገልጧል። እኔ ዝውውር እስካገኝ ሰኞ ሰኞ ወደ አምባ ጊዮርጊስ እወጣለሁ። እስክመለስ ምሳውን ያለ ጨው ለይታ ሠርታ የምታበላው ሄለን ናት። ለእሷ ዕዳ አለብኝ፤ ላንተ የለብኝም።

ወንድሜ አንቺን ሳያገባ ጤነኛ ነበር ብለህ የጻፍኸውን አልረሳሁትም። እስክሞት አልረሳውም።

ዓይናዲስ

*

አዘዞ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ማንያዘዋል፤
ባሕር ዳር።

እኔ ነኝ፣ ክንዱ። እስከ ዛሬ ሁለታችሁ በእኔ ስም ተጻጻፋችሁ። ታምሜ እንጂ ሞቼ አልነበረም፣ እኔም መጻፍ እችላለሁ።

«ቤቴን ወስደውብኝ ወዴት ልመለስ ነው?» ብለህ ለሄለን ልከህባታል። ገናንም እዚያው ዋልህ። ልጆችህ በሩን ሲያዩ ውለው ተኙ። ሄለን ዶሮውን ሠርታ ሳትቀምሰው አነሣችው።

እናታችንን ያስታመምሃት አንተ ነህ። ጣሪያውንም የለወጥኸው አንተ ነህ፤ አሁን ከሥሩ ተኝቼ አየዋለሁ፣ ጠብታ አያስገባም። ይህን መቼም ነግሬህ አላውቅም፤ ልነግርህ ይገባኝ ነበር። በዚህ ላይ ተቆጥተህ ብትመጣብኝ፣ ብትጮህብኝ፣ ፊት ለፊት «አንተ ሰነፍ» ብትለኝ ሐቅህ ነበር። አንተ ግን ነገሩን በሆድህ ይዘህ ቆየህና ሳቅ ብለህ የመኪናዋን ቁልፍ ሰጠኸኝ። «ሸጋ ማኪና ናት፣ ትደርስበታለህ» አልኸኝ። የፊት ወንበሯን ራስህ ወደ ኋላ ገፋህልኝ፣ እግሬን እንድዘረጋ።

ካሣዬ ያለውን ስሰማ የታወሰኝ ያቺ ወንበር ናት። ከስድስት ወሩም በላይ ያንገበገበችኝ እርሷ ናት። ዓይናዲስ ይህን አታውቅም፤ ለእሷ ብነግራት አንተን የምትጠላበት ቦታ አይበቃትም።

መሪጌታ በየቀኑ ይመጣሉ። «ጥምቀት ደረሰ፤ ታቦት ሳይወጣ ታረቁ» ይሉኛል። ጎረቤቱም ይለኛል፣ ሄለንም በዓይኗ ትለኛለች። አልታረቅሁህም። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ደብዳቤ አይበርድም፤ አንተም በርዷል ብለህ ራስህን አታታልል። ስትገባ ብድግ ብዬ አልስምህም። ከዓይናዲስም ሰላምታ አታገኝም። ለወራት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ በአንድ ግቢ በሁለት በር እየወጣን እየገባን ሳንነጋገር እንኖር ይሆናል።

ጎማዎችህ በረንዳው ላይ ተደርድረዋል፤ ሸራ አልብሰናቸዋል። የግቢው በር ፊት ያለው ቦታ ተጠርጓል፣ መኪና ያስገባል።

ና አልልህም። ሰው በገዛ ቤቱ አይጋበዝም።

ክንዱ